የእማዬ የጆሮ መስሚያ፦ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው የእማዬ መስሚያ 6 ዓመት ሆኖታል። ሰሞኑን ያፏጫል፤ ድምፁም ደክሟል። መጀመሪያ ባትሪውን ቀየርኩ፤ ብርቱካናማ ስቲከር ያለውን 13 ቁጥር። ስቲከሩን ልጬ ጥቂት ደቂቃ አየር አስመታሁት። ምንም ለውጥ የለም። ድምፁን ስጨምር ደግሞ ፉጨቱ ባሰ። ፒያሳ ላይ ወያላው ጆሮዋ ሥር ሲጮህ እንኳ "ምን አለ?" ትለኛለች።

አዲስ ልንገዛ ስንል ድምፁን ከመስሚያው ወደ ጆሮ የምታደርሰውን ቀጭን ቱቦ አየኋት። ደርቃ ተሰንጥቃለች! ባለሙያ ጋ ተቀየረች፤ ፉጨቱ ቆመ። ንግግር ግን አሁንም አልጠራላትም። ስለዚህ የመስማት ምርመራ በአዲስ ተደረገላት። ከድሮው ውጤት ጋር ሲተያይ የመስማት አቅሟ ቀንሷል። መሣሪያው ገና የማጉላት አቅም ስለነበረው በኮምፒውተር እንደገና ተስተካከለ። የቀጣዩ ዓመት ምርመራ ውጤት ከመሣሪያው አቅም በላይ ከሆነ ያኔ አዲስ እንገዛለን። ለጊዜው የቡና ላይ ወሬ አያመልጣትም።