በተጋነነ የቀረጥ ግምት የተያዘ መለዋወጫ እንዴት እንደወጣ

ቱሉ ዲምቱ ላለው ስፌት ቤቴ ከቻይና በኢንተርኔት ያዘዝኩት የስፌት መኪና መለዋወጫ ሲደርስ፣ በጉምሩክ የተጠየቅሁት ቀረጥና ታክስ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። በስልኬ ያለውን የክፍያ ምስል ባሳይም አልበቃም። ሻጩ «ዋጋውን ዝቅ አድርገን ሌላ ደረሰኝ እንላክ» አለኝ። ይህ መፍትሔ ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ተውኩት።

ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የማሽን ዕቃ» ብቻ ይላል። ምን ማሽን? ጣጣው ከዚያ ነበር።

ሻጩ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ብዛትና ዋጋ ዘርዝሮ፣ የማጓጓዣውን ለብቻ አስፍሮ፣ የስፌት መኪና መለዋወጫ ለቀረጥ የሚመደብበትን የታሪፍ ቁጥር 8452.90 ጽፎ ማኅተም ያረፈበት ኢንቮይስ እንዲልክ አደረግሁ። ከባንክ የክፍያ ማረጋገጫ ጋር አያይዤ ግምቱ እንደገና እንዲታይ ለጉምሩክ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ተስተካከለ።

ቀረጡን ስታሰሉ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይደመራሉ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበውም ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ነው።