የቤት ዋይፋይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው (ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች)

ዋይፋይ ሲቆም ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው፤ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መጫን። ያቺ ቀዳዳ ሪሴት ናት። ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ከያዛችኋት ቴክኒሻኑ መጥቶ ያስገባውን የመስመር ስምና ፓስወርድ ሳይቀር ሁሉንም ትሰርዛለች። ከዚያ በኋላ የውጭው መስመር ቢስተካከል እንኳ እናንተ ቤት ኢንተርኔት ላይገባ ይችላል፤ ቴክኒሻን እንደገና መጠበቅ ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ግን ምንም አይሰርዝም፤ ደጋግማችሁ ብታደርጉትም ጉዳት የለውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያለ መርፌ የሚሠራ ነው።

ችግሩ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፦ በስልካችሁና በራውተሩ መካከል፣ ራውተሩ ራሱ ላይ፣ ወይም ከራውተሩ ወዲያ ባለው መስመር። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሁሉንም ስልክ ዳታ ዝጉና በሁለት ስልክ ሞክሩ። ዳታውን መዝጋት የግድ ነው። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ሲደክም ሳይነግሯችሁ ወደ ዳታ ይዞራሉ፤ እናንተ ዋይፋዩ ደህና ነው ብላችሁ ስትጠቀሙ ፓኬጁ ያልቃል። አንዱ ስልክ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ ጥፋቱ የስልኩ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ወደ ራውተሩ መብራቶች ሂዱ።

ሁሉም ስልክ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ፋይበር የገባላችሁ ከሆነ ገመዱ የሚሰካበት ሳጥን ላይ ኤል ኦ ኤስ (LOS) የሚል መብራት አለ። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ በፋይበሩ ውስጥ መምጣት ያለበት ብርሃን ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፤ ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል፣ ሲብስም ይሰበራል። ቀጭኑን ገመድ ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ በዓይናችሁ ተከተሉት። ሶፋ ተጭኖት፣ በር ቀርጥፎት ወይም በሚስማር ተይዞ ይሆናል። የተጣጠፈውን ፍቱት፤ የሚጠቀለል ከሆነም ክቡ ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይጥበብ። መሰኪያው ከላላ ቀጥ አድርጋችሁ ቀጭ እስኪል ግፉት። ጫፉን በጣት ወይም በጨርቅ አትንኩት፤ ትንሽ አቧራ ብርሃኑን ያዳክመዋል። ወደ ጫፉም በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ በዓይን የማይታይ ሌዘር ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቀዩ ካልጠፋ ችግሩ ውጭ ነው፤ ምሰሶ ላይ ወይም ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ። እዚያ የሚደርሰው ቴክኒሻን ብቻ ነው።

ቀዩ ጠፍቶ ፒ ኦ ኤን የሚለው አረንጓዴ መብራት ሳያቋርጥ ከበራ ግን መስመሩ ደርሷል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የወር ክፍያችሁን አረጋግጡ። ቀኑ አልፎ የተዘጋ መስመር መብራቱ ደህና ሆኖ ኢንተርኔት የለውም፤ ሰው ግን ራውተሩ ተበላሸ ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል። ክፍያው ካለቀላችሁ ከፍላችሁ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ጥቂት ደቂቃም ታገሡት።

በድሮው የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ከሆነ የምታዩት ዲ ኤስ ኤል የሚለውን መብራት ነው። እሱ ካልረጋ የቤቱን ስልክ አንሡና አዳምጡ። ጠርቶ የሚሰማ ከሆነ መዳቡ ደህና ነው ማለት ይቻላል፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከበዛው ግን መጋጠሚያ ላይ እርጥበት ገብቷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ ይህ የተለመደ ነው። ከቤት ውጭ ያለውን ለቴክኒሻን ተዉት፤ ቤት ውስጥ ያለውን፣ በተለይ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተያያዘ ሽቦ ካለ፣ በአንድ ሙሉ ሽቦ ቀይሩት። ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ከስልኩ በፊት መግባት ያለባት ትንሿ ማጣሪያ የለችም ወይም ተበላሽታለች። በቀላሉ የምትገኝና የምትቀየር ዕቃ ናት።

ነጎድጓድ ሳይጀምር፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም ገመድ ንቀሉ። መብረቅ በሁለቱም በኩል ይገባል። ፋይበሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የፋይበሩ ሳጥን አዳፕተር ግን ያስተላልፋልና እሱንም ንቀሉት።

ይጠፋል፣ ደግሞ ራሱ ይመለሳል

ይህን ምልክት ብዙ ቤት ውስጥ የሚያመጣው ኢንተርኔት ሳይሆን መብራት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ራውተሩ ሁሉንም መብራቱን አጥፍቶ እንደገና የሚነሣ ከሆነ ቮልቴጁ እየወረደበት ነው። ራውተሩን ምጣዱ ከተሰካበት መስመርና ኤክስቴንሽን አውጡት። ካልበቃው ለራውተር ተብሎ የሚሸጠውን ባለባትሪ ትንሽ ሳጥን ግዙ። ሲገዛ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ማየት ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ ግን 9 ወይም 5 የሆነም አለ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ከሌላ ዕቃ የተወሰደ፣ መሰኪያው ስለገባ ብቻ የተሰካ አዳፕተር ራውተሩን እያበራ ሊያቆራርጠው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩት። ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ብዙ አዳፕተር ገድሏል።

ሙቀትም አለ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ከደሴው ወደ 2,500 ሜትር ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል ይግላል። ቡፌ ውስጥ የተዘጋበት፣ ፍሪጅ ላይ የተቀመጠ ወይም ዳንቴል የለበሰ ራውተር ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ አውጡትና አየር አሳዩት። ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ ተዉለት።

ሳሎን ይሠራል፣ ሰርቪስ ቤት አይደርስም

ደሴ ላይ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፤ ምክንያቱም ከተማው ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ነው። ግቢው አንድ ሆኖ ዋናው ቤት ከላይ፣ ሰርቪስ ክፍሎቹ አንድ ፎቅ ያህል ዝቅ ብለው ሊሠሩ ይችላሉ። በመካከሉ የድንጋይ ግንብ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ አለ። ዋይፋይ እንጨትና በር ሳይቸገር ያልፋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በጣም ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ብረት ስለሆነ መልሶ ያንጸባርቀዋል። በቆርቆሮ የታጠረ ክፍል ውስጥ ሲግናል የሚገባው በበርና በመስኮት በኩል ነው ብላችሁ አስቡ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቦታ ነው። ቴክኒሻኑ ራውተሩን የሚያስቀምጠው ገመዱ በገባበት ጥግ ነው፤ ያ ቦታ ለሥራው የቀለለ እንጂ ለቤቱ የተሻለ አይደለም። ከወለል ከፍ አድርጉት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከፊት መመልከቻ መስታወት አርቁት፣ ሲግናሉ ወደሚፈለግበት ክፍል ወደሚያይ መስኮት አስጠጉት። የፋይበሩ ገመድ ካጠረ ረጅም አስቀይሩ፤ ቆርጦ መቀጠል በእጅ የሚሠራ አይደለም።

ሁለተኛው አንቴና ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሲግናሉን ወደ ጎን ይበትናል፤ በቀጥታ ከላዩና ከሥሩ ላለው የሚደርሰው ትንሽ ነው። ለሜዳ ቤት ይህ ጥሩ ነው። ክፍሎቹ ከታች ላሉበት የደሴ ግቢ ግን አንዱን አንቴና አቁሙ፣ ሌላውን አጋድሙት፤ ከዚያ ታች ወርዳችሁ ልዩነቱን በስልካችሁ እዩ።

ሦስተኛው የስም ምርጫ ነው። ራውተራችሁ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ የሚለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ አይችልም፤ 2.4 የሚለው ቀርፋፋ ቢሆንም ይርቃል። ሳሎን ውስጥ በመጀመሪያው፣ ሰርቪስ ቤት በሁለተኛው ተጠቀሙ። ቆየት ያሉ ስልኮች የ5ቱን ስም ጭራሽ አያዩትም፤ ስልኩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ሱቅ ሄዳችሁ ሲግናል ማራዘሚያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ገመድ ዘርጉ። ማራዘሚያው የሚያስተላልፈው የደረሰውን ነው፤ ደካማ ከደረሰው ደካማ ያስተላልፋል፣ ርካሾቹ ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይሄዳል። ከዋናው ራውተር ሰርቪስ ቤት ድረስ ተስቦ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር ቢሰካ ለተከራዮቹም ለቤቱም የሚበጀው እሱ ነው። ወጪው አንድ ጊዜ ነው። ውጭ የሚያልፈውን ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ ፀሐይና ዝናብ ልባሱን ይበሉታል።

ቀን ደህና ነው፣ ምሽት ላይ ይንቀራፈፋል

መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳ። 4 ሜጋ ብላችሁ የገዛችሁት ሜጋ ቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ ስልኩ የሚያሳየው ግን ባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋ መስመር ላይ በሰከንድ 500 ኪሎባይት ገደማ ካያችሁ የከፈላችሁትን እያገኛችሁ ነው።

ከዚያ በጣም ሲያንስ ኮምፒውተር በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ፣ ሌላውን ሁሉ አቋርጣችሁ ለኩ። በገመድ ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ብቻ ከዘገየ አየሩ ተጨናንቋል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር የጎረቤቶች ራውተሮች ሁሉ በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የአየር መንገድ፣ ይጮኻሉ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ከሦስቱ ብዙ ያልተያዘውን ከታች በሚመጣው የራውተሩ ገጽ ላይ ምረጡ። በገመድም ምሽት ላይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ግን እናንተ የምትነኩት ነገር የለም፤ የለካችሁበትን ሰዓትና ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።

ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው እንደተያያዘም እዩ። ወሎ ላይ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ፓስወርድ ሲጠይቅ መከልከል ነውር ነው፤ መከልከልም አያስፈልግም። ብዙ ራውተር የእንግዳ ዋይፋይ አለው። ለእንግዳው ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስወርድ ስጡና የዋናውን ለቤተሰብ አስቀሩት፤ ሲበዛ የእንግዳውን ብቻ ትቀይራላችሁ። ወደ ራውተሩ ገጽ የሚያስገባው አድራሻና ፓስወርድ ከሥሩ ተለጥፏል፤ ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። እዚያ ስትገቡ ዋይፋይን የሚመለከተውን ብቻ ንኩ። ዋን (WAN) የሚለውን ክፍል አትንኩ፤ የመስመሩ ቅንብር ያለው እዚያ ነው። ደብሊው ፒ ኤስ ክፍት ከሆነ ዝጉት፤ ፓስወርድ ሳያውቁ መግቢያ በር ነው።

አንድ ስልክ ብቻ እምቢ ይላል

ስልኩን ኔትወርኩን አስረሱትና (ፎርጌት የሚለው ነው) ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተገናኝቶ ገጽ ሲከፈት ግን "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" የሚል ማስጠንቀቂያ ከደጋገመ የስልኩን ቀን እዩ። ብዙ አባቶችና እናቶች ስልካቸውን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይሞሉታል። ያኔ ስልኩ ከዓለም 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል፤ የድረ ገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫም ለእሱ ገና ያልተጻፈ ይሆንበታል። ቀኑን በራሱ እንዲሞላ አድርጉና የእኛን አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ ጫኑላቸው፤ ሁለቱም ይሟላል። የእናቴን ስልክ እምቢታ ያስቆመው ይኸው ነበር፤ ስለዚህ ስልኩ አረጀ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህን እዩ።

ባለሲም ራውተር የያዛችሁ

ሰፈራችሁ ፋይበር ካልደረሰና በሲም ከሆነ የምትጠቀሙት ከግድግዳ ይልቅ ተራራው ነው የሚወስነው። ጦሳ ወይም ሌላ ጉብታ በእናንተና በማማው መካከል ከቆመ አንዱ መስኮት ምንም ሳይዝ ሌላው ጥሩ ሊይዝ ይችላል። ራውተሩን በየመስኮቱ አዙራችሁ ሞክሩ፤ በገጹ ላይ አር ኤስ አር ፒ የሚል ቁጥር ካለ እሱን ተመልከቱ። ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ምልክቱን ትታችሁ ስታነቡት ከ90 ካነሰ ጥሩ ነው፣ ወደ 110 ከተጠጋ ደካማ ነው። ከቦታው በኋላ ፓኬጁ አለመጠናቀቁን እዩ።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ስትደውሉ

የመስመር ቁጥራችሁን፣ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደሚበራ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመና በአንድ መስመር ላይ ያለ ጎረቤትም መቆሙን ጽፋችሁ ያዙ። "ኢንተርኔት የለም" ብቻ ብትሉ መጀመሪያ የሚታዘዘው አጥፍታችሁ አብሩ ነው፤ "ኤል ኦ ኤስ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቀይ ነው፣ ገመዱን አይቻለሁ፣ አጥፍቼ አብርቻለሁ" ብትሉ ግን ቀጥታ ወደ ቴክኒሻኑ ይሄዳል። የጥያቄያችሁን ቁጥር ተቀበሉና መዝግቡ፤ በሁለተኛው ጥሪ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቴክኒሻኑ ሲመጣም የመስመሩን ስምና ፓስወርድ በወረቀት ጻፉልን በሉት።