ስለ ታያፕ ሲወራ የሚሠሩ ስህተቶች

ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ800 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት። ታያፕ ከእነሱ አንዱ ነው። የሚነገረው ከሴፒክ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ረግረግና ጫካ በከበባት ጋፑን በምትባል መንደር ነው።

አንደኛው ስህተት ተናጋሪ ቆጥሮ መፍረድ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዶን ኩሊክ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ሲገባ ተናጋሪዎቹ 90 እንኳ አይሞሉም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ “በቃ፣ አልቆለታል” ይላል። ታያፕ ግን ድሮም የአንዲት መንደር ቋንቋ ነው፤ በዚያው ትንሽ ቁጥር ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉት ልጆች አይናገሩትም ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቱን በከተማ ላይ መለጠፍ። ጋፑን ከተማ አልደረሰባትም። ቶክ ፒሲን የሚባለውን የአገሪቱን መግባቢያ ያመጡት እርሻ ልማት ለጉልበት ሥራ ሄደው የተመለሱ ወንዶች ናቸው። ቀስ በቀስ ቶክ ፒሲን የዕውቀት፣ የቤተ ክርስቲያንና የዘመናዊነት ቋንቋ ሆነ። ታያፕ ደግሞ የአሮጌዎች፣ የግትሮችና የሴቶች ጭቅጭቅ ቋንቋ ተባለ።

ሦስተኛው፣ በእኔ እይታ ዋናው፣ “ወላጆች አውቀው ተዉት” ማለት ነው። ማንም አልወሰነም። እንዲያውም ልጆቻቸው ታያፕ እንዲናገሩ ይፈልጉ ነበር፤ “እምቢ ያሉት ልጆቹ ናቸው፣ ግትር ናቸው” ይላሉ። ቤት ውስጥ የሚሆነውን እንይ። እናት ልጇን በታያፕ ታዛለች። ልጁ አይሰማም። ያንኑ ትእዛዝ በቶክ ፒሲን ትደግመዋለች፤ ያኔ ይሰማል። እንዲህ እየሆነ ልጁ በታያፕ ባይመልስም ምንም እንደማይጎድልበት ይለምዳል። እናትየው ግን ቋንቋ እንደቀየረች እንኳ ልብ አትለውም።

ያልተጻፈ ቋንቋ ሰዋስው የለውም ማለትማ ተራ ስህተት ነው። የታያፕ ግስ አረባብ ወጣቶቹን ራሳቸውን ያደናግራል። የዚያ አካባቢ ቋንቋዎች “ፓፑዋዊ” ሲባሉም አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው ማለት አይደለም፤ ታያፕ የታወቀ ዘመድ የለውም።

ወጣቶቹን “አይችሉም” ብሎ ማለፍም አይገባም። ብዙዎቹ ቋንቋውን ይሰማሉ፤ ተረት ንገሩን ሲባሉም በታያፕ የሚተርኩ አሉ። እርስ በርስ ግን አያወሩበትም። ቢሳሳቱ ትልልቆቹ ይስቁባቸዋል።

የቋንቋው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። “እንግዲህ ዳነ” ያሉ ነበሩ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አይካድም። ልጅን በታያፕ “ና” ብሎ ጠርቶ መልስ እስኪሰጥ የሚጠብቅ ግን መጽሐፉ አይደለም።