ጨረታ ከመግባታችሁ በፊት የቆየ ጋዜጣ አገላብጡ

ባሕር ዳር ላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ለማቅረብ ያሰባችሁ፣ የጨረታ ሰነድ ገዝታችሁ ለሲፒኦ (ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ ለሚወጣው የክፍያ ማዘዣ) ከመሯሯጣችሁ በፊት የጨረታ ማስታወቂያ የሚወጣበትን የአማራ ክልል ጋዜጣ፣ የበኩርን የቆዩ እትሞች ፈልጉ። የ3 ዓመት ይበቃል። ገዢው ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሆስፒታል ወይም የመከላከያ ግዢ ክፍል፣ ያወጣቸውን የጨረታ ማስታወቂያዎች ደብተር ላይ አስፍሩ። ወሩን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የማስከበሪያውን መጠን።

እኔ እንዲህ ሳደርግ አንድ ቢሮ ጎማ የሚገዛበት ወር በየዓመቱ ያው ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የማጠያይቀው ቀደም ብዬ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። መጨረሻው ሲቃረብ ግዢ ይጣደፋል፤ የማስረከቢያ ጊዜውን ሳታሰሉ አትፈርሙ።

ከሁሉ በላይ «በድጋሚ የወጣ ጨረታ» የሚለውን አትለፉት። ብዙ ሰው ገጹን ገልብጦ ያልፈዋል። ምናልባት ተጫራች ጠፍቶ ነው፣ ምናልባት የቀረበው ዋጋ ከበጀቱ በላይ ሆኖ ነው፣ ወይም መስፈርቱን ያሟላ አልተገኘም። ግዢ ክፍል ሄዳችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ተጫራች ጠፍቶ ከሆነ ዕቃው በእጁ ላለው ሰው ትልቅ በር ነው።

ክፍያ ስንት ወር እንደሚቆይ ደግሞ ቀድሞ ያቀረበ ነጋዴ ይነግራችኋል። ቡና ጋብዙት።