የአደጋ ካሳ ሳይበተን፦ ሜድፔይና ሊን እንዴት እንደሚያዙ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሐበሻ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሰጡህ?» ብሎ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «ስንት ተረፈህ?» ነው። ከቼኩ ላይ ጠበቃ ይወስዳል። ሆስፒታልና የጤና ኢንሹራንስም «ድርሻችንን» ይላሉ። ይህ የእነሱ ጥያቄ ሊን ይባላል።

1. ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የፖሊስ ሪፖርቱን ያዙ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

2. የራሳችሁን የመኪና ፖሊሲ አውጡ። ዲክላሬሽን በሚባለው ገጽ ላይ «ሜዲካል ፔይመንትስ» (በአጭሩ ሜድፔይ) ወይም «ፒአይፒ» የሚል መስመር ፈልጉ። ጥፋቱ የማንም ቢሆን ሕክምናችሁን የሚከፍል ሽፋን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ሜድፔይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፒአይፒ ነው፤ ፈርማችሁ ካልተዋችሁት በቀር ቢያንስ 2,500 ዶላር አላችሁ፤ ከሥራ ለቀራችሁበትም ይከፍላል። ዲሲ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፒአይፒ ካላችሁ እሱን ለመጠቀም በ60 ቀን ውስጥ መምረጥ አለባችሁ። ከመረጣችሁ ግን ሌላውን ሾፌር የመክሰስ መብታችሁ ይጠብባል። ጠበቃ ሳታማክሩ አትፈርሙ።

«የራሴን ከነካሁ ዋጋ ይጨምሩብኛል» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ወር በወር የከፈላችሁበት ነው እኮ! ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በፒአይፒ ክሌም ምክንያት ዋጋ መጨመር በሕግ ክልክል ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ሜድፔይ፣ በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ፒአይፒ የከፈለው ድርጅት ከካሳችሁ ላይ መልሱልኝ ማለት አይችልም። በሌሎች ስቴቶች ሊችል ይችላል። ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ፣ አፑ በርቶ ከነበረ የግል ፖሊሲያችሁ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። የራይድሼር ተጨማሪ ሽፋን እንዳላችሁ አሁኑኑ እዩ።

አንዳንድ ጠበቃ ከሜድፔዩም ሲሶ ይቆርጣል። ፎርም ሞልቶ ለመላክ ሲሶ መውሰድ ለእኔ አይዋጥልኝም። ውል ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ።

3. ሆስፒታል ስትገቡ የጤና ኢንሹራንስ ካርዳችሁን ስጡ። «የመኪና አደጋ ስለሆነ አያስፈልግም» ቢሏችሁም ስጡ። ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በተደራደረው ዋጋ ነው። ሆስፒታሉ ካሳችሁን ልጠብቅ ካለ የሚጠይቀው ሙሉውን ነው። ቨርጂኒያ የሆስፒታልን ሊን በ2,500 ዶላር ትገድባለች። ይህ ግን ከካሳው ላይ የሚወሰደውን ብቻ ነው የሚገድበው፤ የቀረው ቢል በስማችሁ ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

4. ማን ሊን እንዳለው አንድ በአንድ አጣሩ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ምክንያቱም «የጤና ኢንሹራንስ» ሁሉ አንድ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ በስቴቱ ሕግ የሚተዳደር የጤና ኢንሹራንስ ከካሳችሁ ላይ መጠየቅ አይችልም። የአሠሪያችሁ ፕላን ድርጅቱ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ከሆነ ግን የሚገዛው የፌደራል ሕግ ነው፤ ይጠይቃል። ካርዱ ላይ የታወቀ ኢንሹራንስ ስም ስላለ ብቻ አትታለሉ። ያ ድርጅት ወረቀት ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ፕላኑን ለሚያስተዳድረው ክፍል በጽሑፍ «ሙሉውን የፕላን ሰነድ ላኩልኝ» በሉ። በ30 ቀን ውስጥ መላክ ግዴታቸው ነው። ሰነዱ ሲመጣ ስለ ጠበቃ ወጪ የሚለውን ፈልጉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 እንደወሰነው፣ ሰነዱ ዝም ካለ ፕላኑም የጠበቃውን ወጪ ይጋራል። 4,200 ዶላር ቢጠይቁና የጠበቃው ድርሻ ሲሶ ቢሆን፣ 2,800 ብቻ ይወስዳሉ ማለት ነው።

የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ማለትም ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ካላችሁ ግን ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ሜዲኬር የከፈለውን ዝርዝር ይልካል። መስመር በመስመር እዩት። ለአንገታችሁ ሕክምና ከከፈለው መሐል የስኳር ክትትል ወይም የዓይን ምርመራ ተሰክቶ ሊገኝ ይችላል። ከአደጋው ጋር የማይገናኘውን ለይታችሁ ተቃወሙ። ጊዜ ስለሚፈጅ ቶሎ ጀምሩ። የመጨረሻው ደብዳቤ ከመጣ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ወለድ ይታሰባል።

5. እነዚህ ቁጥሮች በጽሑፍ ሳይመጡ ሪሊዝ፣ ማለትም «ከዚህ በኋላ አልጠይቅም» የሚለውን ወረቀት፣ አትፈርሙ። አድጀስተሩ፣ ማለትም ጉዳዩን የያዘው የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ «ዛሬ ከፈረምክ ቼኩ ነገ ይወጣል» ቢልም አትቸኩሉ። አንዴ ከተፈረመ ለመደራደር የቀራችሁ ጉልበት ትንሽ ነው። ቁጥሩ ከበዛባችሁ ቅናሽ ጠይቁ። ካሳው ትንሽ ከሆነና ለእናንተ የሚተርፈው ከሌለ፣ ያንኑ ሒሳብ በወረቀት አሳዩዋቸው። ልመና ሳይሆን ቁጥር ነው የሚሠራው።

6. ጠበቃው የክፍፍሉን ዝርዝር ሲሰጣችሁ ቀድሞ በሜድፔይ የተከፈለ ቢል ሁለተኛ ገብቶ እንዳይሆን አመሳክሩ። እያንዳንዱ ባለ ሊን ሲከፈለው «ቀሪ ዕዳ የለም» የሚል ደብዳቤ ተቀበሉ። ከወራት በኋላ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ቢደውል የምትልኩለት እሱን ነው።