«ብርድ ነው» ከማለትሽ በፊት፦ የጡት ካንሰር ሲመለስ የሚታዩ ምልክቶች

እህቴ፣ የጡት ካንሰር ታክመሽ ከዳንሽ ዓመታት ቢያልፉም በሽታው ሌላ አካል ላይ ሊመለስ ይችላል፤ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ነው። ሕመም ሁሉ ካንሰር አይደለም። አዲስ የሆነና 2 ሳምንት አልፎት ያልለቀቀ ነገር ግን ይመርመር።

ወገብ፣ ዳሌ ወይም ጎን ሲያም

እኛ ዘንድ ወዲያው «ብርድ ነው» ይባላል። ቅባት ይመጣል፣ ወጌሻ ይጠራል። የጡንቻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሲያርፉ ይሻለዋል። አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር ግን ተኝተሽም አይለቅሽም፤ ሌሊት ሊብስ ይችላል። አጥንቱንም ያሳሳዋል። እባክሽ፣ ሳትመረመሪ አትታሺ፤ ሊሰበር ይችላል። ራጅ መጀመሪያ ላይ ላያሳየው ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰሽ ሂጂ፤ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። ከተገኘ ጨረር ሕመሙን ያስታግሳል፣ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒትም አለ።

በዚህ ላይ እግርሽ ከከዳሽ፣ ጭንሽ መሃል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ አትደሪ። ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከዘገየ እግር ላይመለስ ይችላል።

ውሃ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ

ስኳር ወይም ጨጓራ ይመስላል። ካንሰሩ የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎት ሊሆንም ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመድኃኒት ይታከማል። ግራ መጋባት ከጀመረ ድንገተኛ ነው።

ትንፋሽ ማጠርና ደረቅ ሳል

የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ወስደሽ ካልተሻለሽ ደረትሽ ይታይ። በሳንባ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ሲቀዳ ትንፋሽ ቶሎ ይቀላል።

የዓይን ቢጫ መሆን

«የወፍ በሽታ» ተብሎ ቅጠል አትጠጪ፤ የተጎዳ ጉበትን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የጉበት የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አሠሪ።

ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከትውከት ጋር

ይህ፣ እንዲሁም የሚጥል ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ሕመሙን ከመናገርሽ በፊት «የጡት ካንሰር ታክሜ ነበር» በይ። ብዙ ሴቶች ይህን ይደብቃሉ፣ ወይም አልፏል ብለው ይተዉታል። ሐኪሙ ካላወቀ ግን ለወገብ ማስታገሻ ሰጥቶ ሊሸኝሽ ይችላል። ከጡትሽ የተወሰደውን የናሙና (ባዮፕሲ) ውጤትም ይዘሽ ሂጂ።