የሌዘር ፕሮጀክተር ለደንበኛ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ልጄ፣ ስንት ዋት ነው የምትሠራልኝ?» አሉኝ የመጀመሪያው ደንበኛዬ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው ሆቴል አላቸው፤ ለጥር ሠርጎች በአየር ላይ የሚዘረጋ ጨረርና በግድግዳ ላይ የሚጻፍ የሙሽሮች ስም ፈለጉ። «አሥር ዋት እሠራልዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩና ቀብድ ተቀበልኩ። ቦታውን ሄጄ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የፈጸምኳቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚህ የሚመዘዙ ናቸው፤ ማሽኑን ለሥራ ጠረጴዛዬ ሠራሁት እንጂ ለሚቆምበት ቦታ አልሠራሁትም።

የመጀመሪያው ስህተት በዋት መዋዋል ነው። የሰው ዓይን ሁሉንም ቀለም እኩል አያይም። የ520 ናኖሜትር አረንጓዴ በ1 ዋት የሚሰጠውን ብርሃን፣ የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ለመስጠት ወደ 18 ዋት ያስፈልገዋል፤ የ638 ናኖሜትር ቀይ ደግሞ ወደ 4 ዋት ይጠጋል። ጨረሩን ከሚያመነጩት ጥቃቅን ክፍሎች፣ ከዳዮዶቹ፣ ርካሹ ሰማያዊው ስለሆነ፣ ቁጥር ለማሳደግ የሚፈልግ ሁሉ እሱን ይጨምራል። «አሥር ዋት» ተብሎ የተሸጠ ማሽን በሚገባ ከተመጣጠነ ባለ አምስት ዋት ደብዝዞ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ የእያንዳንዱ ቀለም ዋት ለየብቻ ይጻፍ። የጨረሩ መስፋትም አብሮ ይገለጽ፦ 1 ሚሊራዲያን የሚሰፋ ጨረር በ100 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ጋሼ በመጨረሻ የጠየቁኝ ጽሑፉ እዚያው ሐዋሳ ባለው ታቦር ተራራ ላይ እንዲታይ ነበር፤ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳሳያቸው ስቀው ተዉት።

ሁለተኛው ስህተት የመስተዋቶቹን ፍጥነት ከማስታወቂያው ላይ መውሰድ ነው። ጨረሩን ከነጥብ ወደ ነጥብ እያንቀሳቀሱ ጽሑፉን የሚሥሉት ሁለት ጥቃቅን መስተዋቶች «በሰከንድ 30,000 ነጥብ» ይባልላቸዋል፤ ይህ ፍጥነት ግን የሚለካው በ8 ዲግሪ ጠባብ ማዕዘን ነው። ግድግዳው ሰፊ ሲሆን ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ነው፤ ያለዚያ መስተዋቶቹ ይግላሉ፣ ፊደሉም ይጣመማል። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ማሽን አይራራም። ቀለበቱ፣ እግሩ፣ ቅጥያው ሁሉ ነጥብ ይበላል። «እንኳን ለፍቼ ጨምበላላ አደረሳችሁ» 18 ፊደል ነው። ለአንዱ ፊደል 60 ነጥብ ብንመድብ 1,080 ነጥብ ይሆናል። በ30,000 ፍጥነት ጽሑፉ በሰከንድ 28 ጊዜ ያህል ስለሚደጋገም ዓይን ይቀበለዋል። ማዕዘኑ ሰፍቶ ፍጥነቱ ወደ 15,000 ሲወርድ ግን 14 ጊዜ ብቻ ይሆንና እንደሚጠፋ ኩራዝ ይርገበገባል። መፍትሔው ዋት መጨመር አይደለም፤ ጽሑፉን ማሳጠር ወይም በሁለት ተራ ማሳየት ነው።

ሦስተኛውን ስህተት በቀላሉ አላልፈውም። ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆነ ሌዘር በዓለም አቀፉ ምደባ አራተኛው፣ ማለትም እጅግ አደገኛው ክፍል ነው። ዓይናችን በደመ ነፍስ እስኪከደን ባለው ሩብ ሰከንድ ውስጥ ሳይጎዳ የሚችለው ወደ 1 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ 10 ዋት የዚህ 10,000 እጥፍ ነው። ጨረሩ ሲሽከረከር ኃይሉ በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። መስተዋቱ በድንገት ቢቆም ግን ያ ሁሉ ኃይል አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። መስተዋቱ መቆሙን ዐውቆ ጨረሩን ወዲያው የሚያጠፋ ሰርኪዩት የሌለው ማሽን ከመሥሪያ ክፍላችን መውጣት የለበትም። ደንበኛው «ጨረሩ በእንግዶቹ መካከል ይለፍ፣ ይደምቃል» ይላል። አይለፍ። ሰዎች ከቆሙበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ይበል፤ ይህንንም ለኮምፒውተሩ ብቻ አትተዉ፣ በጨረሩ መውጫ ታችኛ በኩል የብረት ከለላ እሰሩበት። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሐይቁ አለ። ጨረር ዝቅ ብሎ ውሃ ላይ ሲያርፍ ውሃው እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፤ ማዶ በጀልባ መረብ የሚጥል ሰው ሊኖር ይችላል። ወደ ሰማይ መልቀቅም የአውሮፕላን አብራሪን ዓይን ሊያጭበረብር ይችላል፤ ከተማዋ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ጨረሮቹን ስታስተካክሉም ኃይሉን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ለእነዚያ ቀለማት የተሠራ መነጽር አድርጉ። የበያጅ መነጽር ለዚህ አይሆንም።

አራተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። ሙከራ የምናደርግበት ምሽት መብራት ጠፋ። ዘበኛው ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ እኔም በትዕግሥት ማጣት ማሽኑን ሳላጠፋው ቆየሁ። ኃይሉ ገና ሳይረጋ ገባ። ግድግዳው ላይ በነጭ የተጻፈው የሙሽሪት ስም ተመልሶ ሲበራ የሐይቅ ውሃ መልክ ያዘ። ቀዩ ዳዮድ ሞቷል፤ ከነጭ ላይ ቀይ ሲወጣ የሚቀረው ያ ቀለም ነው። ጋሼ «ይኼኛውም ያምራል» አሉኝ፤ እኔ ግን ዋጋውን አውቀው ነበር። የሌዘር ዳዮድ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ በሚያልፍ ድንገተኛ የኃይል ጭማሪ ይሞታል። ስታቢላይዘር ብቻውን ለዚህ አይደርስም። ሁልጊዜ በባትሪው በኩል የሚያሠራ ዩፒኤስ፣ ለዳዮዱ ኃይሉን ቀስ ብሎ የሚለቅ ድራይቨር፣ እንዲሁም መብራት ከጠፋ በኋላ ሰው ቁልፍ ካልተጫነ በራሱ የማይነሣ ማሽን ያስፈልጋል።

ስለ ሙቀት ባጭሩ፦ ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ የሳሳ ነው፤ በአምራቹ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል ማራገቢያው አያቀዘቅዝም። ቀዩ ዳዮድ ሲሞቅ ከሌሎቹ ቀድሞ ይዳከማል። ይህን ፈርቶ ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም ስህተት ነው፤ በእርጥብ ምሽት መስተዋቶቹ ላይ ጤዛ ይቋጠራል።

ጭሱንም አትርሱ። ጨረር በአየር ላይ የሚታየው ጭስ ወይም ጉም ሲኖር ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ጭሱን ጠርጎ ይወስደዋል። የነፋሱን አቅጣጫ በዝግጅቱ ሰዓት ሄዳችሁ እዩ።

ደንበኞች ፈጽሞ የማይጠብቁት አንድ ነገር አለ፦ በቀጥታ የገባ ጨረር የካሜራን ሴንሰር ያቃጥላል። የሠርጉ ቪዲዮ አንሺ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወሰን፤ ለካሜራ ጉዳት ማን እንደሚጠየቅም በውሉ ይግባ።

ቁልፉንም ለማን እንደምታስረክቡ አስቡበት። ማሽኑ ያለ ቁልፍ መነሣት የለበትም፤ ድንገተኛ ማጥፊያው ቀይ ቁልፍም በሚያሠራው ሰው እጅ አጠገብ ይሁን። የጋሼን ማሽን ቁልፍ መጀመሪያ ለዘበኛው ነበር የተውኩት፤ በማግሥቱ ልጆች ሰብስቦ ሲያሳያቸው ደረስኩ። አሁን ቁልፉ ሒሳብ ክፍል ነው፤ እዚያ ያሉት እናት ሳያስፈርሙ አይሰጡም፤ እኔንም ጭምር።